ልብስ ተኳሿ ከነስልኳ

ቅዳሜ ነበር፤ የወሩ አሥራ ሁለት። ወንድምየው የሚያስታውሰው እንዲያ ነው። ግን አሥራ ሁለት ከሆነ ደመወዝ ገና አልወጣም፤ ደመወዝ ካልወጣ ደግሞ ጌም ቤቱ እንደዚያ ቀን ጢም ብሎ አይሞላም። እንግዲያው የወሩ መጨረሻ ይሆናል። ወይም ቅዳሜ ሳይሆን እሑድ ነው። የመብራት ቆጣሪው የተቀየረበት ሳምንት መሆኑን ብቻ አጥብቆ ይናገራል፤ ቆይቶ ሲያስበው ግን እሱንም ይጠራጠራል። የማይጠራጠረው እህቱ በበሩ ስትገባ የለበሰችውን ነው፤ ሰማያዊውን የሥራ ካፖርት፣ እጅጌው እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ፣ የግራ ኪሱ በስልኳ ክብደት ዘንበል ብሎ።

"መዝግበኝ" አለችው።

እሱ ነጩ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የተወዳዳሪዎችን ስም ይጽፋል።

"ምን ላይ?"

"ውድድሩ ላይ ነዋ! ሠርግ ላይ ነው እንዴ?"

ቤቱ የሕንፃ ምድር ቤት ነው። ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለው ሲገቡ ረጅምና ጠባብ ክፍል ይቀበልዎታል፤ በግራው ግድግዳ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር አንድ ኮንሶል፣ ከፊቱ ስፖንጁ የወጣ ወንበር። ዴስክቶፖቹ ከወደ ውስጥ ናቸው፤ ጎናቸው መስታወት፣ ሆዳቸው ውስጥ ማራገቢያ የሚሽከረከር፣ ወንድምየው ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ የገጣጠማቸው። ደንበኞቹ "ፍሬም" ይሉታል። ሽንት ቤት የት ነው ብሎ የጠየቀውን ሰው ሳይቀር አቁሞ፣ አንድ ማሽን በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያወጣ ስለሚያስረዳ ነው። ምስሉ ማለትም ፍሬሙ በበዛ ቁጥር ጨዋታው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ባነሰ ቁጥር እንደ አሮጌ ጋሪ ይንገጫገጫል። ሃይማኖቱ ይኸው ነው።

"እትዬ፣ በምንሽ ነው የምትጫወቺው?" አላት እያወቀ።

ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው በላብ የወዛ ስልክ ነው። ወንበሮቹ ላይ ያሉት ተያይተው ሳቁ።

"አሁን ይኼ ምኑን ይገጥማል?" አለ ፍሬም። "እይ፣ ዴስክቶፑ ሳያስነጥስ ከመቶ በላይ ፍሬም ያወጣል። ኮንሶሉ ስድሳ። ያንቺ ቢበዛ ሠላሳ፤ እሱም እስኪሞቅ ድረስ።"

"ሲሞቅስ?"

"ሲሞቅማ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። ማራገቢያ የለውማ! ሙቀቱ የሚወጣበት በር ያንቺ መዳፍ ብቻ ነው።"

"መዳፌ ለሙቀት እንግዳ አይደለም፣ ማሙሽ።"

ማሙሽ ስትለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬም ጆሮው ድረስ ቀላ። ሠላሳውን አልፎ፣ ፂም አብቅሎ፣ የራሱን ቤት ከፍቶ፣ በሦስት ፊደል ወደ ሕፃንነቱ ተመልሶ ቆመ።

ብቀላም ይሁን እዝነት እንጃ፣ ከሰሌዳው ግርጌ አንድ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በላይ የሌሎቹ ስም አለ። ከመስመሩ በታች "ሞባይል ክፍል" ብሎ ጻፈና እሷን ብቻዋን አስቀመጣት።

"ለምን ብቻዬን?"

"ሌላ ባለስልክ ሲመጣ ትገጥሚዋለሽ።"

"እስኪመጣስ?"

"እስኪመጣ አሸናፊ ነሽ።"

"ማንን አሸንፌ?"

"ለራስሽ ብዬ ነው እኮ እትዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይስቁብሻል።"

"ለራሴማ እኔ አለሁ። መስመሩን አጥፋው።"

"ዕቃው አይመጣጠንም!"

"አይመጣጠንም አልኩህ እንዴ እኔ? ያንተ ትልቅ ነው፣ የኔ ትንሽ ነው፤ ዓይን አለኝ። ጨዋታው ግን አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ የሚገባበትም በር አንድ። ብሸነፍ ከሰው ጋር ተሸንፌ ልውጣ። ብቻዬን አሸናፊ አታድርገኝ።"

ከዴስክቶፑ ወንበር ላይ አንድ ድምፅ መጣ። "ፍሬም፣ አስገባቸውና እንገላገል። አንድ ዙር ናት።" ፋርማሲስቱ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ መድኃኒት ቤት ነጭ ጋወኑን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ እየከተተ የሚወርድ፣ ያለፈውን ውድድር ያሸነፈው ሰውዬ።

እህትየው ዞር ብላ አየችው። "አስገባቸው አትበል። ልትገጥመኝ ከሆነ አንቺ በለኝ፤ ሳሸንፍህ እንዳይከብድህ።"

ፍሬም እጁን አነሳ። "እሺ! የመጀመሪያውን ዙር ካለፍሽ መስመሩ ይጠፋል። ካላለፍሽ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ለሁልጊዜ።"

"ለሁልጊዜ" አለች፤ ተስማማች።

ይህች ሴት ልብስ ተኳሽ ናት። እናቷም ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው ምድር ቤት፣ ምናልባትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ገና ልጃገረድ ሳለች እናቷን ልታግዝ ገባች፤ እናቲቱ ወጣች፣ እሷ ቀረች። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝ፣ የሰው ሱፍ። እንፋሎቱ ፊቷን እያጠበው፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ሱፍ እንዳያብለጨልጭ እርጥብ ጨርቅ ከላዩ ጣል ታደርግና ትተኩሳለች፤ ያ ጨርቅ ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። አንድም ቀን የሰው ልብስ አቃጥላ አታውቅም ይሏታል። እሷ ግን አንዴ አቃጥያለሁ፣ የኔን ቀሚስ ነበር ትላለች።

በዚያ ሥራ ውስጥ እጅ የሚፈታበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ማድረቂያው ማሽን እየዞረ እያለ። ሲጨርስ ይጮኻል። ድሮ ድሮ ክቡን መስታወት፣ ከውስጡም የሚገላበጠውን አንሶላ እያየች ትቆም ነበር። ኋላ ስልኩ መጣ፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የመኪና እሽቅድምድም። ጨዋታው በስልክም፣ በኮንሶልም፣ በዴስክቶፕም የሚሠራ ነው፤ ሦስቱን አንድ መንገድ ላይ አሰልፎ ያጋጥማል። አንድ አጭር እሽቅድምድም በማድረቂያው ዙረት ውስጥ ታልቃለች። ማሽኑ ሲጮኽ እሷም ኪሷ ትከተዋለች። አብረዋት የሚሠሩት "መንጃ ፈቃድሽን መቼ ነው የምታሳዪን?" እያሉ ይቀልዱባታል። ባሏ የረጅም መንገድ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ "እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያማረረኝን መሪ አንቺ በፈቃድሽ ትለምኚዋለሽ" ይላታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ለምን ስልክ? ኮንሶል በወንድሟ ቤት ሞልቶ የለም ወይ? ይህን ያላሰበ ሰው የለም። ነገሩ ግን ቀላል ነበር። ኮንሶል ወንበር ይፈልጋል፣ ወንበር ተራ ይፈልጋል፣ ተራ ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ይፈልጋል። ስልኩ ማንንም አያስፈቅድም። ኪስ ውስጥ ይጠብቃል።

የመጀመሪያውን ዙር ዕጣ ከአንድ የባንክ ጠባቂ ጋር ጣላት። ጠባቂው የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም፤ ኮንሶሉ ፊት ተንሰራፍቶ ጆይስቲኩን እንደ ዳቦ አቀፈው።

"ተቀመጪ እንጂ እትዬ" አላት ፍሬም ወንበር እየሳበ።

"ቆሜ ነው የለመድኩት።"

መሐል ያለው ምሰሶ ላይ ትከሻዋን አሳረፈች። የስልኩን ልባስ አወለቀች፤ ብርሃኑን ቀነሰች። ፍሬም ከጀርባዋ ቆሞ አጮልቆ ሲያይ አፉን ያዘ። ከጨዋታው ውስጥ ያልቀነሰችው የለም። ዛፍ የለ፣ ደመና የለ፣ የተመልካች ሰልፍ የለ። ግራጫ መንገድ፣ አንድ ቀይ መኪና፣ አለቀ።

"ምነው ይኼን ያህል? ዓለሙን ሁሉ አጥፍተሽው!"

"ዛፍ ልቆጥር አልመጣሁም።"

መንገዱ አጭር ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የጠባቂው መኪና በዝናብ በራሰ ከተማ ውስጥ ትከንፋለች፤ አስፋልቱ ላይ የሱቆች መብራት ይንጸባረቃል፣ የውሃው ፍንጣቂ ሳይቀር ይታያል። ያምራል፤ ፍሬምም ያን ሲያይ ሁልጊዜ ልቡ ይሞላል። ያን ቀን ግን ዓይኑ ወደ ምሰሶው እየሸሸ አስቸገረው። የእህቱ ሁለት አውራ ጣቶች ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ከአንገቷ በታች ያለው ሁሉ ጸጥ ብሏል፤ ሸሚዝ ስትተኩስ እንደሚያያት።

አንድ ነገር ትዝ አለው። ልጆች ሳሉ አጎታቸው አንድ አሮጌ ኮንሶል አምጥቶላቸው ነበር፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተከማችተው ተራ ይጋፋሉ። እሷ ከኋላቸው ቆማ የሁሉንም ዩኒፎርም ትተኩሳለች። ከራሳቸው በላይ አሻግራ ታይ ነበር። "በቀኝ! በቀኝ በኩል ነው እኮ!" የሚል ድምፅ አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ። ተራ ደርሷት ያውቃል? ሊያስታውስ ሞከረ። አንዴ ምንጣፉ ላይ ጆይስቲክ ይዛ የተቀመጠች ይመስለዋል፤ ፊቷን ሊያየው ሲል ግን የሌላ እህታቸው ፊት ይሆንበታል።

"ኧረ ተው! ኧረ ተው!" ባንክ ጠባቂው ጮኸ። መኪናው አጥር ላይ ተለጥፋለች። ቀይዋ መኪና አልፋው ገባች።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉት ተሳስቀው።

"ውሃው ላይ የነበረው መብራት... እሱን ሳይ..." አለ በቅንነት።

"የኔ መንገድ ውሃም መብራትም የለውም" አለች እሷ፤ "ሰው አያሳስትም።"

የቤቱ ሕግ የታወቀ ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። ጠባቂው ኮፍያውን አንስቶ ተነሳ። እህትየው ማንንም አልጠበቀችም፤ ሰሌዳው ጋ ሄዳ ያችን እርጥብ ጨርቅ ከኪሷ አወጣችና መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። "ሞባይል ክፍል" የሚለውንም ጠረገችው። ፍሬም ማርከሩን አነሳ። ስሟን ከሌሎቹ ጋር፣ ከፋርማሲስቱ ትይዩ፣ ትልቅ አድርጎ ደግሞ ጻፈው።

ያለፈውን ውድድር ያሸነፈ ሰው መንገድ የመምረጥ መብት አለው። ፋርማሲስቱ ጣቶቹን አንቋቋና ረጅሙን መረጠ፤ ተራራ የሚዞረውን።

ፍሬም ይህን ሲሰማ ልቡ ድንግጥ አለ። ለማን እንደደነገጠ ወዲያው አልገባውም። "እትዬ" አለ ጠጋ ብሎ፤ "ረጅሙን ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?"

አታውቅም ነበር። እንዴት ታውቅ? ማድረቂያው ይጮኻላ።

"መንገድ መንገድ ነው" አለች።

"በመሐል ይሞቅብሻል ነው የምልሽ! አሁንም ሞቋል፤ ንኪው እስቲ!"

"ሂድ ወንበርህን ጠብቅ፣ ማሙሽ።"

ጀመሩ። የዴስክቶፑ ማራገቢያ ጉም ጉም እያለ፣ የፋርማሲስቱ መኪና ተራራውን እንደ ዘይት እየተንሸራተተች ወጣችው። ቀይዋ ግን ከኋላው አልተላቀቀችም። መታጠፊያ ላይ ትደርስበታለች፣ ቀጥታው ላይ ያመልጣታል፣ መታጠፊያ ላይ ትደርስበታለች። ሰው ከየወንበሩ ተነስቶ ምሰሶውን ከበበ። "እትዬ ያዢው! ያዢው!" ይላል ባንክ ጠባቂው፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ሆነ። የተሸነፈ ሰው ያሸነፈው ሲያሸንፍለት ውርደቱ ይቀንስለታል።

ከተራራው ጫፍ ሲደርሱ ስልኩ ጋለ። ፍሬም ከሩቅ አወቀው። መንገዱ መፍሰሱን ትቶ መዝለል ጀመረ፤ መኪናዋ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ትታያለች፣ መሐሉ የለም። "ወረደ" አለ በልቡ፤ "ሃያ ፍሬም አይሞላም አሁን።" እሷም በመዳፏ አወቀችው። ልብስ ተኳሽ ሲግልበት ምን ያደርጋል? እጇ ሳያማክራት ኪሷ ገባ፣ እርጥቡን ጨርቅ አወጣ፣ የስልኩን ጀርባ ጠቀለለው።

"እትዬ ተይ፣ ውሃ..." ብሎ ጀመረ ፍሬም።

ለጥቂት ጊዜ ዘዴዋ የሠራ መሰለ። ሙቀቱ በረደ፣ መንገዱ ደግሞ መፍሰስ ጀመረ፣ የፋርማሲስቱ የኋላ መብራት ቀረበ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! ከጨርቁ ያመለጠ እርጥበት በጠርዙ ዞሮ መስታወቱ ላይ ወጣ። ስልክ የጣትና የውሃ ልዩነት ሁልጊዜ አይታወቀውም። ማንም ሳይነካው መሪው በራሱ ወደ ግራ ተጠመዘዘ፤ ቀይዋ መኪና ዓይን እያየ ሄዳ ገደሉን ተደገፈች። ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ።

"ልብስ መሰላት!" አለ አንዱ። "ተኮሰችው!"

ፍሬም ሳያስበው አጠገቡ ያለውን ወንበር ገፍቶ፣ ጆይስቲኩን አንስቶ ዘረጋላት። "እትዬ፣ ይብቃሽ፤ ነይ እዚህ ተቀመጪ። ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን። በዋናው ተጫወቺ።"

"እኔ ግድ የለኝም፣ ይጀመር" አለ ፋርማሲስቱም ከወንበሩ። ክፋት አልነበረበትም። ሳቁም ቀነሰ። ክፍሉ ሁሉ ለሷ ቦታ የለቀቀ መሰለ፤ ከመላው ቤት ምርጡ ወንበር፣ ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ተራ ሳይጠበቅ።

ዓይኗን ከስልኩ አላነሳችም።

"ዋናውማ እጄ ላይ ነው" አለች።

ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ወረወረችው። መስታወቱን በካፖርቷ ደረት ግራና ቀኝ አሸችው። መኪናዋን ከገደሉ ወደ ኋላ ሳበችና ጉዞ ቀጠለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለች ነው የምትመስለው፤ ፊቷ ላይ ግን እፍረት አልነበረም። ስልኩ እንደገና ጋለ፤ መንገዱ ተቆራረጠ፤ እሷ በማታየው መሐል እየገመተች ነዳች። መታጠፊያው ሳይታይ ትታጠፋለች፤ ምስሉ ሲመጣ ታጥፋ ትገኛለች። አንዳንዴ ትስታለች፣ አጥር ትልሳለች፣ ትመለሳለች።

ፋርማሲስቱ ጨረሰ። እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበለት። በዚያ ቤት የተሸነፈ ሰው መንገዱን እስከ መጨረሻው አይነዳም። ገና ሌላው ሲገባ ጆይስቲኩን ይወረውራል፣ ማሽኑን ይሰድባል፣ ይነሳል። ፍሬም ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ እየተሸነፉም የጨረሱ ሰዎችን ቁጠር ቢሉት አንድ እንኳ አይጠራም። ስለዚህ ሁሉም እሷም የምታቆም መስሏቸው ዞር ማለት ጀምረው ነበር።

አላቆመችም። ተራራው ረጅም ነው። ብቻዋን ወረደችው። ሳቁ ሞተ፣ ወሬው ሞተ፤ የዴስክቶፖቹ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ባንክ ጠባቂው "በቀኝ ነው፣ እትዬ፣ በቀኝ" አለ ቀስ ብሎ፤ ሌላው ደግሞ "አሁን ድልድዩ ነው" አለ። ፋርማሲስቱ ራሱ ማዳመጫውን አውልቆ መጣና በትከሻዋ በኩል አየ። "ከድልድዩ በኋላ ፍሬን ያዢ" አላት። "አውቃለሁ" አለችው፤ አታውቅም ነበር፣ ግን ያዘች።

ቀይዋ መኪና እየተንገጫገጨች መስመሩን አለፈች።

ወዲያው አንድ ቀልደኛ ከኋላ ጮኸ፤ "የተሸነፈ ይነሳል!"

ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረች፣ መዳፎቿን እፍ እፍ እያለች ዞር አለች።

"መቼ ተቀመጥኩና ነው የምነሳው?"

እንዲህ ያለ ሳቅ ያ ምድር ቤት ሰምቶ አያውቅም። ባንክ ጠባቂው ወንበር ተደግፎ እንባውን ጠረገ። ፋርማሲስቱ እየሳቀ እጁን ዘረጋላት። "ሌላ ቀን በአጭሩ እንገጥማለን፤ በአጭሩ ታሸንፊኛለሽ።"

"በአጭሩ አይደለም። በዚሁ ነው።"

"በዚሁ ስልክ?"

"ሌላ ስልክ ታውቅልኛለህ?"

እጁን ጨብጣ ለቀቀችው። ካፖርቷን አስተካከለች። የከሰዓቱ አንሶላ እየጠበቀኝ ነው አለች፤ ለማን እንዳለች አልታወቀም። ቀጣዮቹ ተወዳዳሪዎች ወንበሩን እየተሻሙ ነበር፤ ፍሬምን "ማርከሩን አምጣ፣ ማን ከማን ነው?" እያሉ ወጠሩት። እሱ ግን በሰው መሐል የሰማያዊውን ካፖርት ጀርባ እያየ ነበር። የዘረጋው ጆይስቲክ አሁንም እጁ ላይ ነው።

አስቀመጠው። ከኪሱ የራሱን ስልክ አወጣ፤ ከሷ በብዙ የሚሻል፣ አዲስ ስልክ። ያ ጨዋታ የለበትም። ጭኖት አያውቅም፤ ሰው ቢያይበት ምን ይላል ብሎ። እዚያው ቆሞ ሊያወርደው ጀመረ። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አድገው፣ እሱና እሷ አንድም ቀን ፊት ለፊት ገጥመው እንደማያውቁ የገባው ያኔ ነው። ማታ ከሥራ ስትወጣ፣ ቤቱ ሲዘጋ፣ ሁለቱ ብቻ፣ በስልክና በስልክ፣ ቆመው... እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቸጋሪ አይደለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

"እትዬ!" አለ።

ሰዉን እየገፋ፣ ገመዱን እየተሻገረ፣ ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። የሆቴሉ ልብስ ማመላለሻ መኪና ከመንገዱ ማዶ ሞተሩን አስነስቷል፤ ነጫጭ ከረጢቶች ከኋላው ተከምረዋል። እህቱ ከሹፌሩ ጎን ገብታ በሩን ዘጋች። አንገቷን ደፍታ እጇ ላይ ያለውን ታያለች። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ፍሬም ሮጦ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ መታጠፊያው ጋ ደርሷል፤ በቀኝ በኩል ታጠፈና ሄደ።